በእርሳስ

በረዶው መስኮቱን አልፎ ከጣሪያው ጫፍ ደርሷል፤
የሜስትያ መንገድ ካለፈው እሑድ ወዲህ ተዘግቷል።
እኔ ግን ሰኔ ላይ ነኝ፣
ሐምሌ ላይ ነኝ።
ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ሰፊ ወረቀት፣
አርባ አራት ስም፣ ሰባት ገመድ፣ አንድ ጣሪያው የሚያፈስ የተራራ ቤት፤
ከጎኑ ላጲስ፣
ከላጲሱ ጎን የተነከሰ እርሳስ።

በቀለም አልጽፍም። ተራራ በቀለም የተጻፈ አይወድም።
ይህን ያስተማረኝ አጎቴ ሙርዛቃን ነው፤ እሱ ራሱ ግን ጽፎ አያውቅም፤
ቀኑን በጣቱ ቆጥሮ፣ ደመናውን በአፍንጫው አሽትቶ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው አወጣ፤ የወሰደውን ሁሉ ከደጁ መልሶ አግብቶ።

የሰኔ መጀመሪያ ለጀማሪዎች ነው፦ ቋጠሮ፣ በብረት ጥፍር መራመድ፣
ሲንሸራተቱ ደረትን በመጥረቢያው ላይ ጥሎ ቁልቁለቱን መንከስ፤
ከመውጣት በፊት መውረድ።
አምና ያስተማርንበት የቻላዲ ግግር ግን ሸሽቷል፤
ምላሱን ወደ ጉሮሮው ስቧል።
የበሬ ያህል ድንጋይ ትቶልናል፣ ጭቃ ትቶልናል፤
መሰላል የዘረጋንበት ስንጥቅ ዛሬ ፍየል ይሻገረዋል።
ትምህርቱን ሽቅብ ወዳለው በረዶ አዛወርኩት፤
«የሁለት ሰዓት መንገድ» ብዬ ጻፍኩ፤ አሰብኩና «ሦስት» ብዬ አረምኩት።

ደብዳቤዎች አሉ። ከሮተርዳም አንድ የጥርስ ሐኪም፦
«ጫፉ ላይ መድረሴ የተረጋገጠ ነው?» ይላል። አይደለም።
ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ አፋፍ ላይ አይጠቅምም።
ከሊዮን እናትና ልጅ፦ ልጁ ከፍታ ይፈራል፣ እናቱ አትፈራም፤
«ለሁለታችን አንድ ገመድ ይሆናል?»
ይሆናል። ቋጠሮውን ሁለቴ የሚያይ ፈሪ ያስፈልገናል።
ከቭሮትስዋፍ አንድ ጡረተኛ፦ ለሚስቱ ቃል ገብቶ ነበር፤ ሚስቱ ዛሬ የለችም።
ቀን አልመረጠም፤ «እናንተ ያላችሁት» ብቻ ነው።
ጥርት ያለውን ሳምንት ሰጠሁት፣
የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ።

ትናንት ገመዶቹን ከጓዳ አውጥቼ ክንድ በክንድ ዳሰስኩ።
ቀዩ መሐል ላይ ሳስቷል፤ ዓይን አያየውም፣ እጅ ግን ያውቀዋል።
በቢላ ቆረጥኩት፤ ጎረቤቴ ጉልናዚ ለጥጃዋ ማሰሪያ ወሰደችው፤
ኡሽባን ሦስት ጊዜ የወጣ ገመድ በረት ውስጥ ያድራል።

እነሆ ኡሽባ። ነሐሴ፣ ሁለተኛው ሳምንት።
ከፊቱ ባዶ መስመር።
እዚያ ቦታ ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር የሚቆመው፣ ዓመት በዓመት።
ያ ስም አሁን ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይደግፋል፤
«ድመቷን ልያት» ብሎ መሐል ላይ ቆሞ ጉልበቱን ያሳርፋል።
«ሙርዛቃን» ብዬ ጻፍኩ። ደለዝኩ።
«ጆኪያ» ብዬ ጻፍኩ፣ ልጁን። ደለዝኩ።
እንደገና አባቱን። እንደገና ልጁን።
ወረቀቱ ሳሳ፣ ከዚያ ተበሳ።

በሩ ሲከፈት በረዶውን ከትከሻው እያራገፈ ገባ።
መነጽሩን አደረገ፤ ከሰኔ ጀምሮ ቁልቁል አነበበ፣ ቸኩሎ አያውቅም፤
ነሐሴ ላይ ደርሶ ቆመ። ቀዳዳውን አየው። ስለ ቀዳዳው አልጠየቀም።
ተመልሶ ሰኔ ላይ ጣቱን አሳረፈ፦
«ይኼን ሦስት ሰዓት ያልሽው ላንቺ ነው ለነሱ?»
«ለነሱ።»
«ለነሱ አራት ነው።»
እርሳሱን ከእጄ ወሰደ።
አራት ቁጥርን ጻፈ፤ ከአራቱ ቀጥሎ ስሙን፣
እንደ ተማሪ ፊደል በፊደል፣
ትንፋሹን ይዞ፣
እስኪያልፍ ድረስ ተጭኖ።

ምንም አላልኩም። «ሻይ አለ?» አለ፤ ጠጣ፤ ወጣ።
ወረቀቱን ገለበጥኩት፦
ስሙ በጀርባው በኩል አብጦ ይዳሰሳል፣ ላጲስ የማያነሣው።
የነሐሴው መስመር እስካሁን ቀዳዳ ነው፤
በቀዳዳው የጠረጴዛው እንጨት ይታያል።